አረጋዊ ወላጅ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲወጡ፦ ቤተሰብ ደረጃ በደረጃ ምን ያድርግ?

ሐኪሙ «ከአደጋ ወጥተዋል» ሲል ቤተሰብ እፎይ ይላል። እልልታውም ስለቱም ተገቢ ነው። ሆኖም ሰባ ወይም ሰማንያ ዓመት ለሞላቸው ሰው ከጽኑ ሕሙማን ክፍል በሕይወት መውጣት ረጅሙ ሥራ የሚጀመርበት ቀን ነው። በማሽን ሲተነፍሱ የቆዩ፣ በማስተኛ መድኃኒት የሰነበቱ፣ በከባድ ኢንፌክሽን የተጎዱ አረጋውያን ወደ ቤት ሲመለሱ ብዙ ጊዜ መቆም ያቅታቸዋል፣ የልጅ ልጃቸውን ስም ይዘነጋሉ፣ ሌሊት በድንጋጤ ይባንናሉ። ቤተሰቡም «እርጅና ነው» ብሎ ይተወዋል። የጽኑ ሕክምና ባለሙያዎች ግን እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ ተሰብስበው በአካል፣ በማሰብ ችሎታና በስሜት ላይ የሚደርሰውን ይህን ጉዳት በአንድ ስም ጠርተውታል፤ ከጽኑ ሕክምና በኋላ የሚከተል፣ ራሱን የቻለ ክትትል የሚፈልግ የሕመም ስብስብ ነው ብለዋል።

በየቤታችን ለማገገም ትልቁ እንቅፋት ሆኖ የሚታየኝ ከልክ ያለፈ አገልጋይነት ነው። ልጆች ተሯሩጠው ያጎርሳሉ፣ ያለብሳሉ፣ ትራስ ያስተካክላሉ፤ አባት ከአልጋ ሊነሱ ሲሞክሩ «ኧረ ይረፉ!» ይባላሉ። ይህ የሚመጣው ከፍቅርና ከአክብሮት መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ከጽኑ ሕመም የተረፈ የአረጋዊ ሰውነት በእረፍት ብቻ አይጠገንም፤ አልጋ ላይ በዋለ ቁጥር ጭራሽ ይከዳል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚነሳው ከአንድ ሐሳብ ነው፦ ወላጃችሁ ራሳቸው ሊያደርጉት የሚችሉትን አትንጠቋቸው፤ የማይችሉትን ደግሞ እስኪችሉት ድረስ ብቻ አግዟቸው።

ደረጃ 1፦ ከሕመሙ በፊት ምን ይችሉ እንደነበር ጻፉ

ለዚህ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ወላጃችሁ ሆስፒታል ከመግባታቸው ሁለት ሳምንት በፊት ምን ያደርጉ እንደነበር በዝርዝር ጻፉ። ብቻቸውን ይታጠቡ ነበር? ልብሳቸውን ራሳቸው ይለብሱ ነበር? ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በእግራቸው ደርሰው ይመለሱ ነበር? የጡረታ ገንዘባቸውን ራሳቸው ይቀበሉ፣ የዕድር ቀናቸውን ያስታውሱ ነበር? መድኃኒታቸውን ማን ይሰጣቸው ነበር? ባለፈው ዓመት ወድቀው ያውቃሉ?

ሁለት ሳምንት ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ካናዳ ውስጥ በዳልሁዚ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ፣ አረጋውያን ምን ያህል እንደተዳከሙ ከ1 እስከ 9 የሚመዝን መለኪያ አለ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲሠራበት የሚመዘነው ሰውየው ከመታመማቸው ሁለት ሳምንት ገደማ በፊት የነበራቸው አቅም ነው፤ አልጋ ላይ ወድቀው ሲታዩማ ሁሉም ደካማ ነው። ዕድሜያቸው 80 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ5 ሺህ በላይ ታማሚዎችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአውሮፓ ጥናት ከሦስቱ አንዱ ገደማ በ30 ቀን ውስጥ ሕይወታቸው ማለፉን፣ ቀድሞ የነበረ መዳከምም ከዕድሜ ቁጥሩ ተለይቶ በራሱ ለሞት እንደሚያጋልጥ አሳይቷል። ስለዚህ «82 ዓመታቸው ነው» ብቻ ብትሉት ሐኪሙ ብዙ አይረዳም። «82 ዓመታቸው ነው፤ ባለፈው ወር እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በእግራቸው ወጥተው ነበር» ካላችሁት ግን ማንን እያከመ እንደሆነ ያውቃል።

ይህ ዝርዝር ኋላም መለኪያችሁ ይሆናል። በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ወጥተው ከተከታተሏቸው አረጋውያን ግማሽ ያህሉ በስድስት ወር ውስጥ ወደ ቀድሞ አቅማቸው ተመልሰዋል። «ወደ ቀድሞ አቅማቸው» የሚለው ይሰመርበት። በምርኩዝ ይሄዱ ለነበሩ እናት ግቡ በምርኩዝ መሄድ ነው፤ ከጎረቤት እናት ጋር ማወዳደር ያለ ጥቅም ያሳዝናል።

ደረጃ 2፦ ገና ክፍሉ ውስጥ ሳሉ አእምሯቸውን ጠብቁ

በብዙ ሆስፒታሎች ወደ ክፍሉ መግባት የሚፈቀደው ለአጭር ጊዜ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ያቺን ጊዜ በለቅሶ አታሳልፏት፤ ብዙ ሊሠራባት ይችላል።

በዚህ ክፍል የሚተኙ አረጋውያንን ከሚያጠቁ ችግሮች አንዱ ድንገተኛ የአእምሮ መደናገር ነው። አንዳንዱ ይዘባርቃል፣ ቱቦ ይነቅላል፣ የሌለ ሰው ያያል። ሌላው ደግሞ ጭልጥ ብሎ ዝም ይላል፤ ዓይኑ ተከፍቶ ሐሳቡ የለም። ሁለተኛው በአረጋውያን ላይ በብዛት የሚታይ ሲሆን «ተረጋግተዋል» እየተባለ ይታለፋል። በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ተመርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት 821 ታማሚዎችን ተከታትሎ 74 በመቶው በሆስፒታል ቆይታቸው ይህ መደናገር እንደደረሰባቸው አረጋግጧል። መደናገሩ ብዙ ቀን በቆየ መጠን ከዓመት በኋላም የማሰብ ችሎታቸው ይበልጥ ተጎድቶ ተገኝቷል፤ ከአራቱ አንዱ ገደማ ከዓመት በኋላ ያገኙት ውጤት ቀላል የአልዛይመር ሕመም ካለበት ሰው ጋር የሚመሳሰል ነበር።

ቤተሰብ ማድረግ የሚችለው ቀላል ይመስላል፤ ይሠራል ግን። መነጽራቸውን፣ የመስሚያ መሣሪያቸውንና ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ለነርሷ አስረክቡ፤ ስማቸው ይጻፍበት። ከላይ የጠቀስኩት የዬል ጥናት የመስማትና የማየት ችግር ያለባቸው አረጋውያን የማገገም ዕድላቸው ያነሰ መሆኑን አግኝቷል። የማይሰማና የማያይ ሰው በዚያ ሁሉ የማሽን ጩኸት መካከል ዓለሙ ይዞርበታል። በገባችሁ ቁጥር ማን እንደሆናችሁ ተናገሩ፤ «ልጅዎ ነኝ፤ ሆስፒታል ነዎት፤ አሁን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፤ ዛሬ ሚካኤል ነው» በሏቸው። የወሩን ዕለታት በታቦት ሲቆጥሩ ለኖሩ እናት «ዛሬ ሚካኤል ነው» ከቀን መቁጠሪያ ይልቅ ቶሎ ይገባቸዋል። ለሙስሊም ወላጅ የጁምዓን ቀንና የሶላት ሰዓት ንገሯቸው። ሌሊት መብራት እንዲቀንስላቸው፣ ቀን ደግሞ መጋረጃው እንዲከፈትላቸው በትሕትና ጠይቁ።

ጠባያቸው ድንገት ሲለወጥ መጀመሪያ የሚያውቀው ቤተሰብ ነው። «ይህ የእሳቸው ጠባይ አይደለም፤ ትናንት እንዲህ አልነበሩም» ብላችሁ ለሐኪሙ ተናገሩ፤ ከመደናገሩ ጀርባ አዲስ ኢንፌክሽን፣ የመድኃኒት ችግር ወይም የሽንት መቋጠር ሊኖር ይችላል። ሐኪሞቹን ደግሞ በየቀኑ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ማስተኛ መድኃኒቱ መቀነስ ይችላል ወይ? ዛሬ እጅና እግራቸውን ማንቀሳቀስ፣ መቀመጥ ይችላሉ ወይ?

በዚያው ደብተር በየቀኑ የሆነውን ጻፉ። ማን ጠየቃቸው፣ መቼ ቱቦው ወጣ፣ መቼ ዓይናቸውን ገለጡ። ልማዱ የተስፋፋው ከስካንዲኔቪያ አገሮች ነው። በተለያዩ የአውሮፓ ሆስፒታሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት እንዲህ ያለ ማስታወሻ ባገኙት ታማሚዎች ዘንድ ከአስፈሪ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ሕመም በግልጽ ቀንሶ አግኝቶታል። ለምን እንደሚጠቅም ደረጃ 6 ላይ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 3፦ ከሆስፒታል ሳትወጡ የሚጠየቀውን ጠይቁ

የመውጫ ቀን ግርግር ይበዛበታል፤ ሒሳብ፣ መድኃኒት፣ መኪና። ስለዚህ ጥያቄዎቹን ከአንድ ቀን በፊት አቅርቡ። ሕመማቸው ምን እንደነበር በጽሑፍ ስጡን በሉ። በማሽን የተነፈሱት ስንት ቀን ነው? ከሆስፒታል በፊት ይወስዱት የነበረው መድኃኒት የትኛው ይቀጥላል፣ የትኛው ይቆማል? አዲስ የታዘዘው እስከ መቼ ነው? መዋጥ መቻላቸው ተፈትሿል ወይ? የሽንት ቱቦ ካለ መቼ ይወጣል? ፊዚዮቴራፒስት አይቷቸዋል ወይ? ቀጠሮው መቼና ማን ዘንድ ነው?

አንድ ነገር ሳታዩ ከዚያ አትውጡ፦ ነርሷ ወላጃችሁን ከአልጋ ወደ ወንበር ስታሻግር እናንተም ራሳችሁ እየሠራችሁ ተማሩ። ብብታቸው ሥር ይዞ መጎተት ትከሻቸውን ይጎዳል፤ የእናንተንም ወገብ ይሰብራል።

በአሜሪካ ለምትኖሩ፣ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ልጅ ለወላጁ አያስተርጉም፤ ልጅ ያባባውን ይዘላል፣ ያስደነገጠውን ያለዝባል። ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ያላቸው ሰዎች ቢያንስ ሦስት ቀን በሆስፒታል ከተኙ በኋላ ነርሶችና ፊዚዮቴራፒ ባሉበት የማገገሚያ ተቋም እስከ 100 ቀን ሊሸፈንላቸው ይችላል፤ የመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ናቸው። «ወላጄን ለተቋም አልሰጥም» የሚለውን ስሜት እረዳለሁ፤ ነገር ግን ይህ መጦሪያ ቤት ማስገባት አይደለም፤ በየቀኑ በባለሙያ እየሠሩ አቅም አግኝቶ ወደ ቤት መመለሻ ነው።

ደረጃ 4፦ ከአልጋ ማስነሳት

ለዚህ ክፍል ብዙ ቦታ የሰጠሁት ብዙው ነገር እዚህ ላይ ስለሚወሰን ነው። በእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች የጽኑ ሕሙማን ክፍል ታማሚዎችን የጭን ጡንቻ ለክተው እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት፣ ጡንቻው በአሥር ቀን ውስጥ ወደ 18 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ወጣት ይህን ቶሎ ይመልሰዋል። አረጋዊ ግን ቀድሞውኑ ያላቸው ጡንቻ ለመቆም ብቻ የሚበቃ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ላይ ይህን ያህል ሲቀነስ መጸዳጃ ቤት መድረስ አቃታቸው ማለት ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ገና በማሽን እየተነፈሱ ሳሉ እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉ ታማሚዎች 59 በመቶው ከሆስፒታል ሲወጡ ራሳቸውን ችለው እንደነበር፣ በተለመደው አሠራር ከታከሙት ግን 35 በመቶው ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል።

ሐኪሙ መንቀሳቀስን ካልከለከለ በቀር ከቤት በገቡበት ቀን ጀምሩ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

መጀመሪያ ተኝተው ሳሉ ቁርጭምጭሚታቸውን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ፤ ጉልበታቸውን ያጥፉ ይዘርጉ፤ እጃቸውን ጨብጠው ይክፈቱ። ቀጥሎ አልጋው ጠርዝ ላይ እግራቸው መሬት ነክቶ ይቀመጡ። ብዙ ቀን ተኝቶ የቆየ ሰው ቀና ሲል የደም ግፊቱ ሊወርድና ሊያዞረው ስለሚችል ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ሳይቀመጡ አይቁሙ። ሦስተኛ፣ ክንድ ማስደገፊያ ካለው ጠንካራ ወንበር መነሣትና መቀመጥ፤ አራት አምስት ጊዜ፣ በቀን ሦስት ዙር። ለእግር ጡንቻ ከዚህ የተሻለ፣ ገንዘብ የማያስወጣ ልምምድ አላውቅም። በለስላሳ ሶፋ አይሞከርም፤ ሰምጠው ይቀራሉ። አራተኛው መራመድ ነው፦ ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ ሳሎን፣ ከሳሎን እስከ ግቢ። በየቀኑ የደረሱበትን ጻፉ።

ልምምድ በሚል ስም ብቻ ካቀረባችሁት ብዙ አረጋውያን ይሰለቻሉ። ሥራ ስጧቸው። እናትን ተቀምጠው ምስር እንዲለቅሙ፣ ነጭ ሽንኩርት እንዲልጡ አድርጉ፤ አባት የውጭ በር ድረስ ሄደው እንግዳ ይቀበሉ። ጸሎት የለመዱ ለጸሎታቸው ይቁሙ፤ መቆም ሲያቅታቸው ተቀምጠው ይጨርሱ። ከዬል ጥናት በጣም የወደድኩት ግኝት በራሳቸው አቅም የሚተማመኑ አረጋውያን ይበልጥ አገግመው መገኘታቸው ነው። «እችላለሁ» የሚለው ስሜት የሚመጣው ጽዋውን በራሳቸው እጅ ሲያነሱ ነው፤ ውኃው ትንሽ ቢፈስ ይፍሰስ።

የደረት ሕመም፣ ዓረፍተ ነገር የማያስጨርስ ትንፋሽ ማጠር፣ ማዞር ወይም የፊት መገርጣት ካያችሁ ወዲያው አቁማችሁ አስቀምጧቸው፤ ካልተሻላቸው ወደ ሐኪም ውሰዷቸው። ጭራሽ መንቀሳቀስ ለማይችሉ ደግሞ ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ጎናቸውን አዙሩ፤ ተረከዛቸውን፣ ዳሌያቸውንና የጀርባቸውን ታች በየቀኑ እዩ። የቀላ፣ የጠቆረ ወይም ከሌላው ቆዳ የሞቀና የጠጠረ ቦታ ካለ የመኝታ ቁስል እየጀመረ ስለሆነ በዚያ ጎን አታስተኟቸው፤ አትሹትም።

ቤቱን በተመለከተ፦ የሚያንሸራትት ምንጣፍ ይነሳ፣ ሌሊት መጸዳጃው ድረስ መብራት ይኑር፣ ጫማቸው ከኋላ የሚይዝ ይሁን። መጸዳጃው ግቢ ውስጥ ራቅ ብሎ ከሆነ ለሌሊት ፖፖ አልጋቸው አጠገብ አድርጉ። ቤት ውስጥ ኦክስጅን የሚጠቀሙ ከሆነ በዚያ ክፍል ጧፍ፣ ሻማ፣ ከሰልና ዕጣን አይነድም፤ ኦክስጅን እሳትን ያባብሳል። ኦክስጅን ባይኖርም የዕጣንና የከሰል ጭስ የተጎዳ ሳንባን ስለሚያስቸግር ቡናው ለጊዜው በረንዳ ላይ ይፈላ።

ደረጃ 5፦ መመገብ፣ ግን ተጠንቅቆ

በጉሮሮ ቱቦ ገብቶላቸው የነበሩ ሰዎች መዋጥ ሊቸገሩ ይችላሉ። ሲጠጡ የሚያስላቸው፣ ከጎረሱ በኋላ ድምፃቸው እንደ ረጠበ የሚንኮረኮር ከሆነ ምግቡ ወደ ሳንባ እየሄደ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ንገሩ። ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይብሉ፤ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አይተኙ። ተኝተው ሳሉ አታጉርሷቸው። ጉርሻው ትንሽ ይሁን፤ የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛው አይከተል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ቀጭን ውኃ ከወፍራም አጥሚት ይልቅ ሊያስቸግር ይችላል። ድምፃቸው ለሳምንታት ሻካራ ሆኖ ከቀረ የጉሮሮ ሐኪም ይያቸው።

ስለ ምግቡ ዓይነት ግልጽ ልሁን፦ አጥሚትና ሾርባ ብቻውን ጡንቻ አይመልስም። የታመሙ አረጋውያን በቀን ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኙ ባለሙያዎች ይመክራሉ፤ 60 ኪሎ ለሚመዝኑ ሰው ከ72 እስከ 90 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ 100 ግራም የበሰለ ምስር 9 ግራም ገደማ አለው። ስትደምሩት ብዙ መሆኑን ታያላችሁ፤ ስለዚህ አጥሚቱን በወተት አፍሉት፣ እንቁላል ጠዋትም ማታም ይኑር፣ አይብና እርጎ በየመካከሉ ይቅረብ። የምግብ ፍላጎት ስለማይኖራቸው በቀን ሦስት ጊዜ ከማጨናነቅ አምስት ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ማቅረብ ይሻላል። የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ግን መጠኑን ሐኪም ይወስንላቸው።

ጾም ሲመጣ ብዙ አረጋውያን «ሞቼ ካልሆነ አልገድፍም» ይላሉ። ክርክር አትግጠሙ፤ የንስሐ አባታቸውን ጥሩ። ካህን «ለታመመ ይፈቀዳል» ሲላቸው የሚሰሙትን ያህል ከልጅ አይሰሙም። እምቢ ካሉም ሽሮ፣ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ በብዛት፣ በየሰዓቱ፣ ከጠዋት ጀምሮ ይቅረብላቸው። በእስልምናም ሕመምተኛ ከረመዳን ጾም ነጻ ነው፤ ኢማሙ ያረጋግጡላቸው።

ደረጃ 6፦ አእምሮና ስሜት

ከዚያ ክፍል የወጡ ብዙ ሰዎች የሆነውንና ያልሆነውን ቀላቅለው ያስታውሳሉ። ነርሷ ልትገድለኝ ነበር፣ አስረውኝ ነበር፣ የሞተች እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር ይላሉ። «ይተዉት፣ ይርሱት» ማለት አይረዳቸውም፤ ብቻቸውን ይዘውት ይቀራሉ። ደብተሩን አውጡና አብራችሁ አንብቡ። «እጅዎ ታስሮ የነበረው ቱቦውን እንዳይነቅሉ ነው፤ ሚያዝያ ጊዮርጊስ ዕለት ፈቱልዎት» ስትሏቸው ቅዠቱ ቦታውን ያገኛል።

መርሳቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊሻሻል ይችላል። የቀን ሥርዓት አበጁላቸው፦ የመነሻ ሰዓት፣ የዜና ሰዓት፣ የእንቅልፍ ሰዓት። መነጽራቸውና መስሚያቸው እዚህም ያስፈልጋል። የገንዘብ ጉዳይ፣ ፊርማና የቤት ውል ለጥቂት ወራት የሚያምኑት ሰው አብሮ ይይላቸው፤ መኪና የሚነዱ ከሆነ ሐኪም ሳይፈቅድ አይንዱ። ውጭ አገር ያላችሁ፣ የማስታወስ ፈተና የሚደረግላቸው በሚያውቁት ቋንቋ መሆኑን አረጋግጡ።

ጠያቂ ቢመጣ ደስ ይላል፤ ሆኖም አሥር ሰው በአንድ ክፍል ሲያወራ የደከመ አእምሮ ይታወካል፤ ጉንፋንም ይገባል። ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ለአጭር ጊዜ፣ እጅ ታጥበው ይግቡ። በቤቱ አንድ ደፋር ሰው ይህን የማስተናገድ ኃላፊነት ይውሰድ። ለቅሶው፣ የምግብ መጥላቱ፣ «ምነው በሞትኩ» ማለቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል የአእምሮ ሐኪም ይያቸው። ለዚህ የግድ አማኑኤል መሄድ የለባችሁም፤ በብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎች የአእምሮ ጤና ክፍል አለ።

ደረጃ 7፦ መድኃኒቱን አጣሩ

በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለጊዜው የተጀመሩ መድኃኒቶች፣ በተለይ የእንቅልፍ፣ የማረጋጊያና የጨጓራ አሲድ መቀነሻ፣ ማንም ሳያስቆማቸው ወደ ቤት ይከተላሉ። ተቃራኒውም ይሆናል፤ የቆመው የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ሳይመለስ ይረሳል። በመጀመሪያው ቀጠሮ አሮጌውንም አዲሱንም በአንድ ከረጢት አድርጋችሁ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፉት፤ አንድ በአንድ ይይላችሁ። በራሳችሁ ግን አታቁሙ፤ ድንገት ሲቋረጡ አደጋ የሚያስከትሉ አሉና። «እንቅልፍ እምቢ አላቸው» ብላችሁ ከፋርማሲ ዳያዜፓም አትግዙ፤ አረጋውያንን ያደናግራል፣ ይጥላል፣ ዳሌ ያስሰብራል። የባህል መድኃኒት የምትሰጡ ከሆነም አትደብቁ።

ጸበል መሄድ ለሚፈልጉ፦ መድኃኒቱ አይቋረጥ። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነት ዘመናቸው የኤችአይቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር አብሮ ሊወሰድ እንደሚችል በይፋ ተናግረው ነበር፤ ለዚህም ያው ነው። ደካማ አረጋዊ በብርድ ሌሊት ወረፋ ይዘው ከሚጠመቁ ጸበሉ ቤት ቢመጣላቸው ይመረጣል።

ደረጃ 8፦ ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል የሚመልሱ ምልክቶች

- ከሰዓታት ወይም ከአንድ ቀን ወዲህ የመጣ አዲስ መደናገር ወይም ከባድ ድብታ
- ፈጣን ወይም የተቸገረ ትንፋሽ፣ የከንፈር መጥቆር
- ትኩሳት ወይም ያልተለመደ የሰውነት መቀዝቀዝ
- የሽንት በጣም ማነስ
- የአንድ እግር ብቻ ማበጥና መታመም፣ የደረት ሕመም
- መብላትና መጠጣት ፈጽሞ ማቆም
- የቁስል መሽተት ወይም መግል

አረጋውያን ከባድ ኢንፌክሽን ኖሮባቸውም ላያተኩሳቸው ስለሚችል ትኩሳት እስኪመጣ አትጠብቁ። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ደብተሩንና የመድኃኒቱን ከረጢት ይዛችሁ ውጡ።

ደረጃ 9፦ አስታማሚዋ እንዳትወድቅ

አስታማሚዋ ያልኩት አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ሴት ልጅ ወይም ምራት ስለሆነች ነው። ባለሙያዎች ከጽኑ ሕክምና በኋላ የሚመጣውን የስሜት ጉዳት በቤተሰብ ላይም አይተውታል፤ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ ሐዘን። የሌሊት ተራ ይከፈል፤ ወንድሞችም ማገላበጥና ማጠብ ይማሩ። ውጭ አገር ያለ ልጅ የሚልከው ገንዘብ ትልቅ እርዳታ ነው፤ ከዚያ ላይ ግን በሳምንት አንድ ቀን የሚያሳርፍ ሰው የሚቀጠርበት ይኑረው።

ደረጃ 10፦ በሦስተኛው ወር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ

በደረጃ 1 የጻፋችሁትን አውጥታችሁ ከዛሬው ጋር አስተያዩት። በየሳምንቱ ጥቂትም ቢሆን ለውጥ ካለ ቀጥሉበት። ለውጥ ከሌለ ሐኪሙ እንደገና ይመርምር፤ ያልታወቀ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድባቴ ወይም የመድኃኒት ጉዳት ሊኖር ይችላል። እውነቱን መስማት የሚያስፈልግበትም ጊዜ አለ። ካናዳ ውስጥ 80 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ታማሚዎችን የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ከዓመት በኋላ በሕይወት ያሉና ወደ ቀድሞ የአካል አቅማቸው የተመለሱት ሩብ ያህሉ መሆናቸውን አግኝቷል።

ስለዚህ ወላጃችሁ በእርጋታ ማሰብ በሚችሉበት ሰዓት ይጠየቁ፦ እንደገና ቢብስብዎት ወደዚያ ክፍልና ወደዚያ ማሽን መመለስ ይፈልጋሉ? ከሁሉ በላይ የሚያሳስብዎት ምንድን ነው፣ ስቃይ ነው፣ ሸክም መሆን ነው፣ ከቤት ውጭ መሞት ነው? ብዙ ቤተሰብ ይህን መጠየቅ መርዶ እንደ መንገር ይቆጥረዋል። አረጋውያኑ ግን ስለ ኑዛዜያቸው ለዘመናት ሲነጋገሩ የኖሩ ናቸው፤ የሚከብደው ለእኛ ነው። የንስሐ አባት ወይም የሚያከብሩት ሽማግሌ አብሮ ቢገኝ ይቀላል። አሜሪካ ያሉት በሕክምና ውሳኔ የሚወክላቸውን ሰው የሚሰይሙበት ሕጋዊ ቅጽ ስላለ ይሙሉት።

መልሳቸውን በራሳቸው ቃል ጻፉት፤ ራቅ ብለው ላሉ ልጆችም በዚያው ሳምንት ላኩላቸው፤ በጭንቁ ሌሊት «ሁሉንም አድርጉ» እና «ይበቃቸዋል» እየተባለ በስልክ የሚነሳው ጠብ የሚመጣው ማንም ወላጁን ሳይጠይቅ በመቅረቱ ነው። ሐሳባቸውን ከቀየሩ ወረቀቱም ይቀየር፤ ቀን ጽፋችሁበት አዲሱን ቅጂ ለሐኪማቸው ስጡ።